ሻካራው የሠርግ ኬክ

ለኬክ ሠራተኛ ጡረታ የሚባል ነገር የለም። ሽኝት የለ፣ የምስጋና ወረቀት የለ፤ አንድ ቀን ሽርጥሽን ታጥፊና ትወጫለሽ። እኔን ያስወጣኝ የቀኝ እጄ አንጓ ነው። የክሬም ከረጢት ስጨምቅ አውራ ጣቴ ይደነዝዛል፣ መስመሩም መሀል ላይ ይዘላል። መጀመሪያ ሰው አያየውም ብዬ ነበር። በኋላ አንዷ የሆቴሉ አስተናጋጅ፣ ምንም ክፋት የሌለባት ልጅ፣ «እትዬ መንበረ፣ ይሄኛው ጽጌረዳ እንቅልፍ ወሰደው እንዴ?» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። በሳምንቱ መልቀቂያ አስገባሁ።

ቤት ከዋልኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። መንገድ ላይ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «አሁንስ አረፍሽ» ይለኛል። «አዎ፣ ተመስገን» እላለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። ጅግጅጋ ውስጥ የሶማሌው ሠርግ ብዙውን ጊዜ ሐሙስና ዓርብ ነው፤ የእኛ የክርስቲያኖቹ ደግሞ እሑድ። ስለዚህ በኬክ ሥራ ዘመኔ ያለ ፍርሃት ያደርኩበት ቀን ጥቂት ነው። ሐኪሙ ጨጓራ ነው አለኝ። እኔ ግን ቅቤ ነው እላለሁ። በሠርግ ኬክ ላይ የሚለበጠው ክሬም ከቅቤና ከስኳር የሚሠራ ነው፤ ቅቤ ደግሞ አይታመንም። ጠዋት ድንጋይ የነበረው ቀትር ላይ ውሃ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

ወደ ሥራው የገባሁት አስቤበት አልነበረም። አያቴ ከወታደሮች ጋር መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። አባቴ የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ነበር፤ እኔንም ታይፕ አስተምሮ ቢሮ የማስገባት ሐሳብ ነበረው። ደርግ ሲወድቅ ቢሮው ተዘጋ፤ ታይፕ የቻለም ያልቻለም እኩል ቤቱ ተቀመጠ። ያኔ ነው ጋሽ ሽኩር ሻይ ቤት ዕቃ አጣቢ ሆኜ የገባሁት። ጋሽ ሽኩር ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው መጥተው ጅግጅጋ የከበሩ ነጋዴ ነበሩ። ደመወዜ ይህን ያህል የሚወራ አልነበረም፤ ግን ምሳ እበላ ነበር። ኬክ የሚባለው ነገር ከድሬዳዋ በካርቶን ተጭኖ ይመጣል፤ ካራማራን ተሻግሮ እኛ ጋ ሲደርስ ደርቆ ጠርዙ የረገፈ ነው። ሰዉም እሱን ኬክ ብሎ ይበላል።

አንድ ቀን አንዲት ረዥም ሶማሌ ሴት ገብታ ሻይና ኬክ አዘዘች። አንዴ ቀመሰችና ሳህኑን በጣቷ ገፋ አድርጋ፣ «ይሄን ማነው የገደለው?» አለች።

ጋሽ ሽኩር ከመደርደሪያው ኋላ ሰሟት። «ካወቅሽ ሥሪው» አሏት ተናደው።

በማግሥቱ እጅጌዋን ሰብስባ መጣች።

ኢዶ ሀሊማ ነበረች። ኢዶ ማለት በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ መላው ሰፈር እንደዚያ ይጠራታል። ከሐርጌሳ ጦርነት ሸሽታ ልጆቿን ይዛ የመጣች ሴት ነች። ልጅ ሳለች ኤደን ከተማ አንድ የመናዊ ጋጋሪ ቤት ሠርታለች፤ ኬክ የተማረችው እዚያ ነው። እኔ በአክብሮት «ኢዶ፣ ይምጡ፣ ይቀመጡ» ስላት ትቆጣ ነበር። «ናያ መንበሮ! እኔ ስንት ሰው ነኝ?» ትለኛለች። «ናያ» ሶማሌዎች ሴትን ሲጠሩ የሚሉት ነው፤ «መንበሮ» ደግሞ የሷ ፈጠራ። ከዚያ በኋላ አንቺ እያልኳት ኖርን።

የኢዶ ሀሊማን እጅ እስከዛሬ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። ቅቤው ከድንበር ከተማዋ ከቶጎ ውጫሌ በቆርቆሮ ነው የሚመጣው። ቆርቆሮውን ከፍታ አውራ ጣቷን ቅቤው ላይ ጫን ታደርጋለች። የጣቷ ቅርጽ ጠርዙ ጥርት ብሎ ከቀረ «ሀየ» ትላለች፤ እሺ እንደማለት ነው። ጉድጓዱ ካብለጨለጨ ሙቀት ገብቶታል፤ ቆርቆሮው ወደ እርጥብ አሸዋው ይመለሳል። ማቀዝቀዣ ሳይኖረን በፊት ጓሮ ውስጥ አሸዋ አርጥበን ነበር ቅቤ የምናቆየው። ስኳሩን ሁለት ጊዜ በሻሽ ትነፋዋለች። ክሬሙን ለብጣ ስትጨርስ ከዘይት ጄሪካን የተቆረጠች ላስቲክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ ዙሪያውን ትልገዋለች። በዚህ ጊዜ ማንም አያናግራትም። ትንፋሿን ይዛ አንድ ዙር ትሄድና ተንፍሳ ደግሞ ትጀምራለች። «ሙሽራዋ መጥታ ፊቷን ካላየችበት አልጨረስሽም» ትለኝ ነበር። እኔም ለዓመታት የተማርኩት ይህንኑ ነው። ማለስለስ። ጉብታ፣ ቀዳዳ፣ የማንኪያ ምልክት፣ ሁሉም ጠላት ነው።

ሌላም ልማድ ነበራት። ኬኩን ሠርግ ቤት አድርሳ አትመለስም። ጠረጴዛው ላይ ካስቀመጠች በኋላ ከጀርባው ሄዳ ትቆማለች። ሰው ይጨፍራል፣ ይበላል፣ እሷ ሻሿን አጥብቃ አስራ ትቆማለች። ውሃ እንኳ አትጠጣም። «ቢላው እስኪገባ ድረስ የኔ ነው» ትላለች፤ «ቢላው ከገባ የነሱ ነው።» እኔም አጠገቧ ቆሜ ፍርሃትን ተማርኩ። ልጆች ሲሮጡ፣ የጠረጴዛው ልብስ ሲጎተት፣ አንዱ ሰካራም ሙዚቀኛ ሽቦውን እየጎተተ ሲመጣ፣ ልቤ አፌ ውስጥ ናት።

ጋሽ ሽኩር በኢዶ ሀሊማ ኬክ ስም አወጡ። ሻይ ቤቱ ኬክ ቤት ተባለ። ከቱሊ ጉሌድም፣ ከቀብሪበያም ሰው ይመጣ ጀመር። ከዕለታት አንድ ቀን ደግሞ ከኤረር አንዲት ሴት መጣች።

ወይዘሮ ሳህራ ትባላለች። ባሏ የፍየልና የበግ ነጋዴ ነው፤ እሷም ራሷ በንግዱ የታወቀች ናት። ጅግጅጋ ዘመድ ሠርግ ላይ ኬካችንን ቀምሳ ኖሯል። የመጀመሪያ ልጇን ኢፍራህን ልትድር ነበር። ለኤረር ድሬዳዋ ይቀርባል፣ ከዚያ ብታሠሪው ይሻላል አልናት። «የሀሊማን ነው የምፈልገው» አለች፤ ሌላ ነገር አልሰማም አለች።

ኢዶ ሀሊማ አራቱን የኬኩን ፎቆች ለየብቻ ጭነን እዚያ ደርሰን እንገጣጥመው ብላ ነበር። ጋሽ ሽኩር ግን ተገጣጥሞ ከበራቸው ሲወጣ ከተማው እንዲያይላቸው ፈለጉ። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ የሳቸው ቃል ጸና። የተከራዩት ላንድክሩዘር ኋላው ተነጥፎ፣ ኬኩ በነጭ አንሶላ ተሸፍኖ፣ እኔና ኢዶ ሀሊማ ግራና ቀኝ ቁጭ ብለን ገና ሳይነጋ ተነሳን። ሐረርን አለፍን፤ ድሬዳዋ ስንደርስ አንሶላውን ገለጥ አድርገን አየነው፤ ደህና ነው። በረዶ ገዝተን ዙሪያውን አደረግን። ሹፌሩም እየሳቀ፣ «አሁንማ ደረስን» አለ።

ከድሬዳዋ ወደ ኤረር ያለው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር፤ በየመሀሉ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ ያቋርጠዋል። አንዱ ጋ ስንደርስ መኪኖች ቆመዋል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ዳመና የለም። ወንዙ ግን ሞልቶ ቡናማ ውሃ ዛፍ እየነቀለ ይወርዳል።

«ላይ ደጋው ዘንቧል» አለ ሹፌሩ። «እስኪጎድል መጠበቅ ነው።»

ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ጥላ የለም። በረዶው መጀመሪያ አለቀ። ካርቶን ቀደን ማራገብ ጀመርን። ቅቤ ሊሄድ ሲል መጀመሪያ ያብለጨልጫል፤ ላብ ያለበት ግንባር ይመስላል። እሱን ሳይ «ኢዶ» አልኩ። «አይቻለሁ» አለች። ከዚያ ጠርዙ ላይ ያለው ጌጥ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ከዚያ ከላይ ሁለተኛው ፎቅ በጣም በዝግታ፣ ሰው ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲወስደው እንደሚያዘነብለው፣ ወደኔ አዘነበለ። በሁለት እጄ ደገፍኩት። እሷም በሷ በኩል ደገፈች። ወንዙ ጎድሎ እስክንሻገር ድረስ እንደዚያ ይዘነው ተቀመጥን፤ ክሬሙ በክርናችን ላይ እየወረደ።

ኤረር ስንደርስ ከበሮው ይሰማል። ሴቶቹ በራፍ ላይ እልል እያሉ ተቀበሉን። ወይዘሮ ሳህራ በወርቅ አጊጣ፣ እጇን ሂና ተቀብታ፣ በፈገግታ መጥታ አንሶላውን ራሷ ገለጠችው።

እኔ የጠበቅሁት ጩኸት ነበር። እሷ ግን አንሶላውን መልሳ አለበሰችውና ለሴቶቹ በሶማሊኛ «ወደ ጓሮ ውሰዱት፤ ልጄ እንዳታየው» አለች። ድምጿ እንደ ሹክሹክታ ነበር።

እኔ እዚያው ጓሮ ጥግ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ኢዶ ሀሊማ እጇን ታጠበች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ወደ ድንኳኑ ገባች። ቀና ብዬ በመጋረጃው ሳይ ባዶው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማለች። ነጭ ጨርቅ ብቻ የለበሰ ጠረጴዛ። ሙሽራዋ ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያ ነው፤ ከዚያ ወደ እናቷ፣ ከዚያ መሬት። ኢዶ ሀሊማ ሠርጉ እስኪያልቅ ከዚያ አልተነቃነቀችም። ሰው ሲጠቋቆምባትም አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ወሬው ከኛ በፊት ጅግጅጋ ደረሰ። የሠርግ ትእዛዝ ቀረ። ጋሽ ሽኩር ክፉ ቃል አልተናገሩንም፤ ብስኩትና ዳቦ ላይ መደቡን እንጂ። የሐርጌሳ ሰላም ሲጠና የኢዶ ሀሊማ ልጆች ቤታቸውን ሠርተው ወሰዷት። ስትሄድ ክሬም የምታለሰልስባትን ላስቲክ ሰጠችኝ። እኔ ቀብሪበያ ሄጄ ለስደተኞቹ ካምፕ ዳቦ በሚያቀርብ ጋጋሪ ቤት ለዓመታት ሠራሁ። ዳቦ ጥሩ ሥራ ነው፤ ሲወድቅም ዳቦ ነው። ጨጓራዬ ዳነልኝ። በኋላ ጅግጅጋ ትልልቅ ሆቴሎች ሲከፈቱ አንደኛው የኬክ ሠራተኛ አጣና አንድ የሚያውቀኝ ሰው ጠቆመኝ። እምቢ ልል ነበር። እጄ ግን ኬኩ ናፍቆት ኖሮ ሄድኩ። ሕመሜም አብሮኝ ተመለሰ።

እንደዚያ ሆቴል ውስጥ ዓመታት ቆይቼ፣ ስሜም ትንሽ በትንሽ ተመልሶ፣ ስልክ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳበት ዘመን መጣ። አንድ ቀን ሀምዲ የምትባል ልጅ መጣች። ነርስ ነች፤ ቀጭን፣ ቆፍጣና፣ ስትናገር ዓይን ዓይንሽን የምታይ። ሠርጓ እዚያው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነው። ስልኳን አውጥታ ሥዕል አሳየችኝ።

«እንደዚህ እፈልጋለሁ።»

ባለ ሦስት ፎቅ ኬክ ነው። ክሬሙ ግን አልተላገም። በማንኪያ ጀርባ እየተጎተተ የተተወ ይመስላል፤ ጉብ ጉብ፣ ሸርተት ሸርተት ያለ፣ እንደ አዲስ የጭቃ ምርጊት። ዓምድ የለ፣ ጽጌረዳ የለ፤ ጥቂት ፍሬና ሣር ብቻ ጣል ተደርጎበታል።

«ይሄ እኮ አላለቀም» አልኳት።

«አልቋል። እንዲለሰልስ አልፈልግም። የሰው እጅ እንደሠራው እንዲታይ ነው የምፈልገው። ያ የሚያብረቀርቀው ፕላስቲክ ይመስለኛል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ያን ፕላስቲክ ስሠራ የኖርኩ ሴት ነኝ። ልመልስ ስል በሩ ተከፍቶ አማቷ ገባች። ውጭ ስልክ ስታናግር ነው የዘገየችው። አርጅታለች፣ ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። ግን በምን ልረሳት እችላለሁ? ወይዘሮ ሳህራ ነበረች። ከኤረር ለቀው ጅግጅጋ እንደገቡ አላውቅም ነበር።

ሀምዲ ስልኩን ሰጠቻት። ወይዘሮ ሳህራ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው፤ ብዙ ቆየች።

«ይሄ የኢፍራህ ኬክ ነው» አለች።

ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ከሀሊማ ጋር የነበርሽው አይደለሽም?»

«ነኝ» አልኩ።

«አንቺ ነሽ ይሄን ያሳየሻት?»

«ኧረ በፈጠረኝ! እሷ ነች ይዛው የመጣችው።»

ሀምዲ ግራ ገብቷት አንዴ እሷን አንዴ እኔን ታያለች። ወይዘሮ ሳህራ በሶማሊኛ ነገረቻት፤ እኔም እሰማለሁ። ወንዙን፣ አንሶላውን፣ ባዶውን ጠረጴዛ። ስትጨርስ ሀምዲ ትንሽ አሰበችና፣ «እናቴ፣ ያ ወድቆ ነው። ይሄ ተሠርቶ ነው» አለች።

«ሰው በምን ይለየዋል?»

እኔ ሌላ ኬክ ቤት እንዲሄዱ ልለምናቸው አፌን ስከፍት ወይዘሮ ሳህራ ቦርሳዋን አነሳች። «የልጅቷ ሠርግ ነው፤ የፈለገችውን ሥሪላት። ስትሠሪው ግን አጠገብሽ ቆሜ አያለሁ» አለችኝ።

ለሥራ አስኪያጁ ይሄን ሠርግ አልችልም አልኩት። ወጣት ነው፤ የኤረርን ነገር አያውቅም። «እትዬ፣ አዳራሹ ከነኬኩ ነው የተያዘው፤ ሌላ ሰው ከየት አመጣለሁ?» አለኝ። ማምሻውን ሐርጌሳ ደወልኩ። ኢዶ ሀሊማ ዓይኗ ደክሟል፤ ድምጿ ግን ያው ነው። ሁሉን ነገርኳት።

«ሰው በምን ይለየዋል አለችኝ፤ መልስ አጣሁ» አልኳት።

«ናያ መንበሮ፣ የወደቀ ኬክ ያዘነብላል» አለች። «ከውስጥ ያለውን ኬክ በግንበኛ ውሃ ልክ ለኪው። ፎቁ ቀጥ፣ ጠርዙ ቀጥ ይበል። እሱ ቀጥ ካለ ላዩ እንደፈለገ ይሻክር፣ ማንም ወደቀ አይልም። ክሬሙን ደግሞ አንዴ ጎትቺው። አትመለሺበት። ከተመለስሽበት ጭቃ ነው።»

«መቼ እንዳለቀ በምን አውቃለሁ?»

«እሱን አላውቅም» አለችኝ። «እኔ እንደዚያ ሠርቼ አላውቅም።»

እንዲህ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። ከሁሉ በላይ ያስፈራኝ እሱ ነበር።

ሆቴሉ ጀርባ ሕንጻ ይሠራ ስለነበር ከግንበኞቹ ውሃ ልክ ተዋስኩ። የብረት ድስት ገልብጬ በማርጋሪን መለማመድ ያዝኩ። የመጀመሪያው ዶሮ የጫረችው መሬት መሰለ። ክሬሙ ሲቀዘቅዝ ማንኪያው ይቦጭቀዋል፤ ሲሞቅ ጉብታው ቀስ እያለ ይተኛል፤ መሀሉን የምታገኚበት ጊዜ በጣም አጭር ነው። ሌላው ችግር ደግሞ እጄ ነው። ማንኪያው ባለፈበት ምልክት ሲቀር ሳላስበው ተመልሼ አለሰልሰዋለሁ። ስንት ዓመት የለመደ እጅ፣ ተይ ቢሉት አይተውም። ግራ እጄን ቀኝ አንጓዬ ላይ አድርጌ እየያዝኩ ተለማመድኩ። ሳህራ ከጎኔ ቆማ ይሄን እንደምታይ እያሰብኩ ድስቱን ጠርጌ ደግሜ ደጋግሜ ጀመርኩ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ነፋስ ነበረ፤ የጅግጅጋ አቧራ በመስኮት ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። እርጥብ ጨርቅ በየስንጥቁ ወሸቅሁ። ስሱን የመጀመሪያ ልባስ ለብጬ ፎቆቹን ማቀዝቀዣ ውስጥ እንዳስገባሁ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ በሩን በጀርባዬ ተደግፌ፣ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ፣ ጸሎት አደረስኩ። ልክ ሲነሳ ወይዘሮ ሳህራ ገባች። የፕላስቲክ ወንበር ስቤ ሰጠኋት። መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች። ሰላምታ ሰጠችኝ።

ፎቆቹን ደረደርኩ። ውሃ ልኩን በየፎቁ ላይ አደረግሁ፤ አረፋዋ መሀል ላይ ቆመች። ወይዘሮ ሳህራ ተነስታ ጎንበስ ብላ አረፋዋን አየች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ቅቤውን በአውራ ጣቴ ነካሁ፤ የጣቴ ቅርጽ ጥርት ብሎ ቀረ። ወፍራሙን ክሬም ለበጥኩ። ከዚያ ማንኪያውን አንስቼ ከታች ጀመርኩ። ማዞሪያውን በግራ እጄ እያዞርኩ በማንኪያው ጀርባ አንድ መስመር ጎተትኩ፤ ጠርዙ ተሰባብሮ ቀረ። ተውኩት። ሁለተኛ ጎተትኩ። ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ አንድ ቦታ ጉብ ብሎ ዓይኔን ወጋው። እጄ ወደዚያ ሄደ።

«ተዪው» አለች ወይዘሮ ሳህራ።

እጄ አየር ላይ ቀረ። ዞሬ አየኋት። ኬኩን ነው የምታየው።

«ኤረር ወንዙ ሲጎድል አሸዋው እንደዚህ ነው» አለች።

ተቆጣች ወይስ ወደደችው፣ ከፊቷ ማወቅ አልቻልኩም። ማንኪያውን አስቀመጥኩ። የጅግጅጋ ሜዳ የስንዴ ዛላና ከሐረር የመጣ ሮማን ነበረኝ፤ ሮማኑን ፈልቅቄ ከፎቁ ሥር አደረግሁ፣ ዛላውን በጎኑ ሰካሁ። አበቃ። ኬኩ ቆሟል። ለእኔ ግን አሁንም ያላለቀ ይመስለኝ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። እኔ ከጠረጴዛው ጀርባ ቆምኩ። ሴቶቹ ገብተው ኬኩን ከበቡት። አንዳንዶቹ ስልካቸውን አወጡ። አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ቀርበው አዩትና ለወይዘሮ ሳህራ ጮክ ብለው፣ «ሠራተኛዋ የት ሄደች? አላለቀም እኮ!» አሉ። ዙሪያው ያሉት ሁሉ ዞሩ።

ወይዘሮ ሳህራ አጠገባቸው ነበረች። «አልቋል፤ ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ» አለች።

አሮጊቷ እንደገና አዩት። «እንዲህ ነው እንዴ አሁን?» አሉ።

«እንዲህ ነው።»

ሀምዲ ገባች። ኬኩን ስታይ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ባሏን በክንዱ ጎትታ እያሳየች ሳቀች። ቢላው ገባ። እኔም ከጠረጴዛው ጀርባ ወጥቼ፣ ማንንም ሳላናግር ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ጥሩ ነበር ቢለኝ እንኳ አላምንም ነበር።

ዕቃዬን ሳጥብ አንዲት ሴት ገባች። ትንሽ ሴት ልጅ ታቅፋለች፤ ልጅቷ አፏ ክሬም ብቻ ነው።

«መንበረ አንቺ ነሽ? ኢፍራህ ነኝ» አለች።

ፊቷን ከዚያ ቀን ወዲህ አላየሁትም ነበር። ከድሬዳዋ ለወንድሟ ሠርግ መጥታ ነው፤ እዚያ የጨርቅ ሱቅ አላት። እጄን በሽርጤ ጠራረግሁ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለች። «የኔ ኬክ ምን ዓይነት ነበር?»

«እሱማ መንገድ ላይ…»

«መውደቁን አውቃለሁ። ሳይወድቅ ማለቴ ነው። ከኛ ወገን ያየው የለም። እናቴን ስጠይቃት ወሬ ትለውጣለች። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ አስበዋለሁ። ሰው ሠርግ ሄጄ ኬክ ባየሁ ቁጥር፣ የኔስ ምን ይመስል ነበር እላለሁ።»

አንድ ባዶ ሳፋ ገልብጬ ተቀመጥኩ። እሷም ትልቅ የዘይት ጣሳ ገልብጣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ባለ አራት ፎቅ ነበር» አልኳት። «የታችኛው ይሄን ያህላል» ብዬ ክንዴን ዘረጋሁ። «ነጭ ነው፤ ግን ጥርት ያለ ነጭ አይደለም፣ ወደ ወተት የሚሄድ። ኢዶ ሀሊማ በየፎቁ ጠርዝ ዳንቴል ሠርታ ነበር፣ ከክሬም። ኤደን እያለች ከምትሠራበት ቤት ፊት ለፊት የነበረውን የመስኮት ጥልፍልፍ አስታውሳ ነው የሠራችው። ክሩ በጣም ቀጭን ስለነበር ሰው ሲያየው የተሰፋ ነበር የሚመስለው።»

«አበባስ ነበረው?»

«የጃስሚን አበባ። አበባዎቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ግማሹን ወፍሯል ብላ መልሳብኝ እንደገና ሠራሁ። ከላይ ጀምሮ በአንድ ጎን እየተጠማዘዘ እስከታች ይወርድ ነበር።»

«ከላይስ? ሙሽራና ሙሽሪት ነበሩበት?»

«የለም። ኢዶ ሀሊማ የሰው ምስል አልሠራም አለች። ከላይ የነበረው ስምሽ ነው። ሶማሊኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ጽፌው፣ የመጨረሻዋን ፊደል እግር አርዝሜ ከአበባው ሐረግ ጋር አገናኘሁት። ስትመለከችው አበባው በሙሉ ከስምሽ ነው የሚወርደው።»

ልጅቷ ጣቷን እየላሰች አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች። ከአዳራሹ ከበሮው ይሰማል። ኢፍራህ ልጇን ወደ ሌላው ጉልበቷ አዛወረቻት።

«ቆንጆ ነበራ» አለች።

«በጣም ቆንጆ ነበር» አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር።